የጌም ዕቃዎች ድራይቨር ሶፍትዌርና የግል መረጃ

ለጌም የሚሠራ ማውስ፣ ኪቦርድ ወይም ግራፊክስ ካርድ ዛሬ ብቻውን አይመጣም። ማውሱ በተሰካ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከስክሪኑ ጥግ አንድ መስኮት ብቅ ይልና የአምራቹን ፕሮግራም ልጫን ይላል። የሬዘር «ሲናፕስ»፣ የሎጂቴክ «ጂ ሃብ»፣ የአሱስ «አርመሪ ክሬት» እና «ኤንቪዲያ አፕ» (ቀድሞ በቦታው «ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ» ነበር) የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ተጠቃሚው ሁሉንም በጅምላ «ድራይቨር» ይላቸዋል። በመረጃ አሰባሰብ ላይ የሚነሳው ክርክር ግማሹ የሚጀምረው ከዚሁ አጠራር ነው።

ድራይቨር በጠባቡ ትርጉሙ በዕቃውና በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መካከል የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለማውስና ለኪቦርድ ይህ አግባቢ ከዊንዶውስም ከሊኑክስም ጋር አብሮ ይመጣል። ዩኤስቢ ለእነዚህ ዕቃዎች ኤችአይዲ የሚባል የጋራ ደንብ ስላለው የየትኛውም ፋብሪካ ማውስ እንደተሰካ ይሠራል። አምራቹ እንድንጭን የሚለምነን ሌላ ነገር ነው፤ የመብራቱን ቀለም፣ የጠቋሚውን ፍጥነት፣ የቁልፎቹን ምደባና ማክሮዎችን (በአንድ ቁልፍ ተከታትለው የሚፈጸሙ ትእዛዞችን) የሚያስተካክል መተግበሪያ። ግራፊክስ ካርድ ከዚህ ይለያል። ያለ አምራቹ ድራይቨር ጌም በወጉ አይሄድም፤ ከድራይቨሩ ጋር ተያይዞ የሚመጣው መተግበሪያ ግን እዚያም ቢሆን የግድ አይደለም።

እነዚህ መተግበሪያዎች በተለምዶ የሚሰበስቡት የዕቃውን ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩንና የሚሞሪውን ዓይነት፣ የዊንዶውሱን ስሪት፣ የአይፒ አድራሻን፣ የተጫኑ ጌሞችን፣ ተጠቃሚው የነካካቸውን ማስተካከያዎችና የብልሽት ሪፖርቶችን ነው። አካውንት ካለ ኢሜይልም ይጨመራል። አምራቾች ይህ ቴሌሜትሪ (ፕሮግራሙ ራሱ ወደ አምራቹ የሚልከው መረጃ) ብልሽት ለማረም እንደሚጠቅም ይናገራሉ፤ እውነትም ይጠቅማል። የኮምፒውተር አካላት ቅንጅት ስፍር ቁጥር የለውም፣ አንድ ድራይቨር የትኛው ላይ እንደሚወድቅ በቤተ ሙከራ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ከዝርዝሩ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ጌም የተለየ ማስተካከያ ራሱ እንዲቀያይር ከተፈለገ፣ በየቅጽበቱ የትኛው ፕሮግራም ፊት ለፊት እንደተከፈተ ማወቅ አለበት። ይህ እውቀት ከተመዘገበ ሰውየው በስንት ሰዓት ምን ከፍቶ ምን ያህል እንደቆየ የሚናገር ማስታወሻ ደብተር ይሆናል። ማክሮም እንዲሁ ነው፤ አንዲቷን ቁልፍ ለመያዝ ሌሎቹንም መስማት ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ የሐሳብ ስጋት ብቻ እንዳልሆነ በ2017 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ታይቷል። ላፕቶፖቹ የጌም አልነበሩም፣ ታሪኩ ግን ለነገሩ ቁልፍ ነው። ኮነክሳንት የተባለው ኩባንያ የሠራው የድምፅ ድራይቨር የማይክሮፎን መዝጊያዋ ቁልፍ መቼ እንደተነካች ለማወቅ ኪቦርዱን ያዳምጥ ነበር። ለሙከራ ተጽፎ ሳይነሳ የቀረ ኮድ ግን የተነካውን ቁልፍ ሁሉ «ሚክትሬይ» በሚል ስም በጋራ ፎልደር ውስጥ ባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ፋይሉ ሎግ ኢን በተደረገ ቁጥር ከአዲስ ይጀምራል፤ እስከዚያው ግን የይለፍ ቃልም፣ የግል መልእክትም እዚያው ተደርድሮ ይቀመጣል። ጉዳዩን ያወጣው ሞድዜሮ የተባለ የስዊዘርላንድ የደኅንነት ድርጅት ነው። ወደ ውጭ የተላከ ነገር መኖሩ አልታየም። ክፋት ሳይኖር፣ ከቸልተኝነት ብቻ፣ የቁልፍ መዝጋቢ በሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተራው የማንቲስቴክ ጂኬ2 ኪቦርድ ሆነ። «ክላውድ ድራይቨር» የሚለው ፕሮግራሙ በአሊባባ ክላውድ ላይ ወዳለ ሰርቨር መረጃ ሲልክ ተያዘ። ወሬው «ኪቦርዱ የምትጽፉትን ሁሉ ይልካል» ተብሎ ተናፈሰ። ትክክለኛው ነገር ለዘብ ያለ ነው፤ ይልክ የነበረው እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተነካ ነው። ከቁጥሩ ብቻ የይለፍ ቃል አይነበብም። ሆኖም ቁጥር ለመላክ የቻለ ፕሮግራም በቀጣዩ አፕዴት ሌላ ነገር መላክ አያቅተውም፤ የተጠቃሚው ቁጣም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የአካውንቱ ጣጣ ቀደም ብሎ የመጣ ነው። ሲናፕስ 2.0 ማስተካከያዎችን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ ገዢው መጀመሪያ አካውንት መክፈት ነበረበት። በ2012 መጨረሻ አንድ ገዢ አዲሱን ማውሱን በኢንተርኔት ማስጀመር ሳይችል ሲቀር ቅሬታው ተሰራጨ። ሰዎች «ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ማውስ» እያሉ ተሳለቁ፤ የሬዘር ኃላፊ ሚን ሊያንግ ታንም ከመጀመሪያው ምዝገባ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚቻል ማስረዳት ነበረበት። በኋላ የመጣው ሲናፕስ 3 ያለ አካውንት በእንግድነት መግባትን ፈቅዷል። ኤንቪዲያም በ2016 ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ 3.0ን ያለ ሎግ ኢን አይከፈትም አለ። ከወራት በኋላ ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ አዳዲስ የቴሌሜትሪ ሥራዎች ተመዝግበው ሲያገኙ ጩኸት ተነሳ። ኩባንያው ማንነትን የሚገልጽ መረጃ ለውጭ እንደማይሰጥ ተናገረ። የሎግ ኢን ግዴታው የቀረው በኅዳር 2024 ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስን የተካው «ኤንቪዲያ አፕ» በይፋ ሲወጣ ነው። ስምንት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ኢንቴል በ2023 ሌላ መንገድ ተከተለ። የአርክ ግራፊክስ ካርዶች ድራይቨር በተለመደው አጫጫን ሲጫን «የኮምፒውቲንግ ማሻሻያ ፕሮግራም» የተባለው መረጃ ሰብሳቢ አብሮ ይገባ ጀመር፤ የማይፈልግ ሰው በእጅ የመምረጫውን መንገድ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። ኩባንያው እንዳብራራው ፕሮግራሙ የሚጎበኙትን ድረ ገጾች ምድብ ይመዘግባል፣ አድራሻቸውን ግን አይመዘግብም። ሰው ዜና ያንብብ ወይስ ገበያ ይመልከት ማወቁ ለግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ምን እንደሚረባው ግልጽ አይደለም።

ሰብሳቢው ታማኝ ቢሆን እንኳ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ፕሮግራም በር ነው። በ2018 ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጎግል የደኅንነት ቡድን ተመራማሪ ታቪስ ኦርማንዲ የሎጂቴክ «ኦፕሽንስ» የተባለው የማውስና የኪቦርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለ በቂ ማረጋገጫ ትእዛዝ እንደሚቀበል አገኘ፤ ተጠቃሚው የከፈተው ማንኛውም ድረ ገጽ ፕሮግራሙን አናግሮ ቁልፍ ማስመታት ይችል ነበር። በነሐሴ 2021 ደግሞ የሬዘር ማውስ ሲሰካ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወርደው ጫኚ በከፍተኛው የሲስተም ሥልጣን እንደሚሮጥ ታወቀ። ጫኚው «የት ልጫን» ብሎ ፎልደር መምረጫ ሲከፍት፣ የሺፍት ቁልፍን ይዞ በቀኝ ጠቅ ማድረግ የትእዛዝ መስኮት ለመክፈት ይበቃል፤ ያ መስኮት የኮምፒውተሩ ጌታ ነው። ማውስ ይዞ የመጣ እንግዳ አድሚን (በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው) ሆኖ ሊወጣ ይችል ነበር።

ከሁሉ የከፋው በመጋቢት 2019 የደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ «ሻዶውሃመር» ብሎ ያሳወቀው ጥቃት ነው። ሰርጎ ገቦች «ላይቭ አፕዴት» የተባለውን የአሱስ ማዘመኛ ፕሮግራም በርዘው በኩባንያው በራሱ ዲጂታል ፊርማ አሰራጩት፤ የሚፈልጉት ግን በኔትወርክ ካርድ መለያቸው የተመረጡ 600 ያህል ኮምፒውተሮችን ብቻ ነበር። አምራቹን ያመነ ሰው ምንም አላጠፋም።

ሕጉን በተመለከተ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ፈቃድ ግልጽ እንዲሆን ይጠይቃል። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2019 ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይሆንም ብሏል። ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ነገር ግን ደንቡ ከፈቃድ ውጭ ሌሎች የሕግ መሠረቶችም ስላሉት፣ ኩባንያዎች የመረጃውን ከፊል «ለአገልግሎቱ አስፈላጊ» በሚል ስም ሳይጠይቁ መውሰድ አላቆሙም።

መውጫው ብዙ ጊዜ ዕቃው ውስጥ ነው። በርካታ የጌም ማውሶች የራሳቸው ትንሽ ሚሞሪ ስላላቸው ሶፍትዌሩን ጭኖ፣ ማስተካከያውን ማውሱ ላይ አስቀምጦ፣ ሶፍትዌሩን ማጥፋት ይቻላል። በሊኑክስ ላይ የአምራቹን መተግበሪያ የሚተኩ ኦፕንሬዘርና ፓይፐር አሉ፤ መብራት ብቻ ለሚፈልግ ኦፕንአርጂቢ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። የኤንቪዲያን ድራይቨር ያለ ተጨማሪው ለመጫን ኤንቪክሊንስቶል የተባለ ነፃ መሣሪያ አለ። አንዳንድ ኪቦርዶች ደግሞ ከብራውዘር ገጽ ላይ ስለሚስተካከሉ፣ ገጹ ሲዘጋ ከበስተጀርባ የሚሮጥ ነገር አይቀርም። የሚያስቸግረው ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ ያለው የራሱ ፕሮግራም ነው። ለብዙ ዕቃዎች የደኅንነት ማስተካከያ የሚመጣው በዚያው በከባዱ መተግበሪያ በኩል ስለሆነ፣ ያጠፋው ሰው አፕዴት በወጣ ቁጥር መልሶ ይጭነዋል።