«ሳያመኝ ለምን እመረመራለሁ?» እና ሌሎች ስለ ካንሰር የሚነገሩ ስሕተቶች

ካንሰር የሀብታም አገሮች በሽታ ነው የሚለው አባባል ከእውነታው የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች እንደነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቀ ሲሆን፣ በ2050 ቁጥሩ ከ35 ሚሊዮን እንደሚያልፍ ይገመታል፤ በፍጥነት ረገድ ጭማሪው የሚከፋውም በድሆቹ አገሮች ነው።

ካንሰር ታማሚን በማስታመም አይተላለፍም። የእርግማን ውጤትም አይደለም። ትምባሆን በመተው፣ የጉበት ቫይረስን በክትባት በመከላከልና በመሳሰሉት መንገዶች ከካንሰር ሕመሞች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን ማስቀረት ይቻላል።

«ነቀርሳ ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚሉም አሉ። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲሞቱ ጥፋቱ በቢላው ላይ ይላከካል። ከዕጢው ናሙና ሳይወሰድ የካንሰሩን ዓይነት በእርግጠኝነት ማወቅና ተገቢውን ሕክምና መምረጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ግን «ሳያመኝ ለምን እመረመራለሁ?» የሚለው ነው፤ በዚህ ረገድ የተማሩት ሴቶች ካልተማሩት ሲሻሉ አላየሁም። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቀረ ግን የማህፀን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየለወጠ ወደ ካንሰር ለማድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ አያምም፣ አያደማም፣ አይታወቅም። የጀርባ ሕመሙና የእግር እብጠቱ የሚመጡት በሽታው ከማህፀን በር አልፎ ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ ሕመምን የምትጠብቅ ሴት የምትጠብቀው የማዳኛው ጊዜ እስኪያልፍ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በአቼቶ ውስጥ የሚገኘው አሴቲክ አሲድ ተበጥብጦ የማህፀን በር ይቀባል፤ የተለወጠው ቦታ በደቂቃ ውስጥ ይነጣል። የነጣው ቦታ ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል፣ ታካሚዋም በእግሯ ሄዳ ቤቷ ትገባለች። ልጇን ለማስከተብ የመጣች አንዲት እናት ለምናት ተመርምራ በዚህ መንገድ ታክማለች፤ ታላቅ እኅቷ ግን ደም መፍሰሱ ሲበረታ ብቻ ስለመጣች ቀዶ ሕክምና የማይሆንላት ሆና የጨረር ሕክምና ተራ ስትጠብቅ ነበር። በወንድ ባለሙያ መታየት የሚያሳፍራት ሴት ሴት ባለሙያ መጠየቅ ትችላለች፤ ቤት መቅረቱ ግን መፍትሔ አይደለም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ መመርመር ይገባቸዋል።

ለልጃገረዶች የሚሰጠው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት መካን ያደርጋል የሚባለው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። ክትባቱ የቫይረሱን የፕሮቲን ቅርፊት እንጂ ቫይረሱን አልያዘም፤ መውለድን የሚከለክለው ካንሰሩ ራሱ፣ ማህፀን ማውጣቱና ጨረሩ ነው። ይሁን እንጂ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች አይሸፍንም፤ ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. አገር አቀፍ ክትባቱ ሲጀመር በ14 ዓመታቸው የተከተቡት ልጃገረዶችም በ2027 ዓ.ም. 30 ዓመት ሲሞላቸው ለምርመራ መምጣት ይኖርባቸዋል።