የቡድን የድምፅ ስብሰባ ምንድን ነው? ርካሹስ የትኛው ነው?

የቡድን የድምፅ ስብሰባ ማለት ከሁለት በላይ የሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ባሉበት ሆነው በአንድ ጥሪ የሚደማመጡበት የስልክ ወይም የኢንተርኔት ግንኙነት ነው። በካዛንቺስ ወይም በአራት ኪሎ ተመሥርቶ አባላቱ ዛሬ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳና የካ አባዶ ለተበተኑበት፣ ጥቂቶቹም ዱባይ ወይም ሪያድ ለሚኖሩበት ዕድር፣ ለአንድ ሰዓት ውይይት ከከተማው ዳር እስከ ዳር መጓዝ ለብዙዎች፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ የማይቻል እየሆነ ነው። እንዲህ ያለው ዕድር የድምፅ ስብሰባን በደንብ ሊያውቀው ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ መደበኛው የስልክ ጥሪ ነው። ጂኤስኤም የተባለው የሞባይል ስልክ ሥርዓት አንድ ደዋይ እስከ አምስት ሰዎችን በአንድ ጥሪ እንዲያገናኝ ያስችላል፤ ኢንተርኔትም ስማርት ስልክም አያስፈልገውም። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ስለሚቆጠር፣ ደዋዩን ጨምሮ ስድስት ሆኖ ግማሽ ሰዓት የተነጋገረ ኮሚቴ በደዋዩ ላይ የ150 ደቂቃ ሂሳብ ይጥላል። ከዚህ ሰፋ ያለው፣ ሁሉም ወደ አንድ የጋራ ቁጥር ደውሎ የሚስጥር ቁጥር በማስገባት የሚገናኝበት አገልግሎት ነው። ይህን ያለ ክፍያ የሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች ቢኖሩም፣ ቁጥሩ የአሜሪካ ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ የሚደውለው አባል በየደቂቃው የዓለም አቀፍ ጥሪ ሂሳብ ይቆረጥበታል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ደቂቃውን ማን፣ በምን ተመን እንደሚከፍል ነው።

በኢንተርኔት የሚደረገው ስብሰባ ግን የሚያስወጣው ዳታ ነው፤ ርካሽነቱም ከዚህ ይመነጫል። ድምፅ በጣም ተጨምቆ ሊላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 መደበኛ መስፈርት ሆኖ የወጣውና ዛሬ በብዙ መተግበሪያዎች የሚሠራው ኦፐስ የተባለው የድምፅ መጭመቂያ፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢወስድ የአንድ ሰዓት ንግግር 14 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል፤ በኔትወርኩ ላይ አብሮ የሚጓዘው የአድራሻ መረጃ ሲጨመርበት ከ20 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ምስል ግን በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት ቢወስድ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል። ካሜራውን ማጥፋት ከየትኛውም የመተግበሪያ ምርጫ የበለጠ ወጪ ይቀንሳል፤ በኮንዶሚኒየሞቹ አካባቢ ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅም ጥሪው እንዳይቆራረጥ ይረዳል።

ከመተግበሪያዎቹ መካከል ዋትሳፕ በአንድ ጥሪ የሚያስገባው 32 ሰው ስለሆነ ለኮሚቴ እንጂ ለጠቅላላ ጉባኤ አይበቃም። ዙም በነፃው አገልግሎት እስከ 100 ሰው ቢይዝም በ40 ደቂቃ ያቋርጣል፤ ሂሳብ እየተመረመረ ሳለ መቋረጥ ደግሞ ጉባኤውን ይበትነዋል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የጀመረው የቡድን የድምፅ ውይይት የሰዓት ገደብ የለውም፤ ሰብሳቢው የሌሎችን ማይክ መዝጋት፣ አባሉም እጅ አውጥቶ ተራ መጠየቅ፣ ጸሐፊውም ለቃለ ጉባኤው ሲባል ውይይቱን መቅዳት ይችላሉ። ብዙ አባል መተግበሪያውን አስቀድሞ በስልኩ ላይ ስለጫነው፣ በእኔ እምነት ለሰፊ ዕድር የሚመረጠው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫው መለካት ያለበት ስማርት ስልክ በሌላቸው አባላት ነው። ቁልፍ ያለው ስልክ ብቻ የያዙ እናት ድምፃቸው ካልተሰማ፣ ስለ መዋጮ የተላለፈው ውሳኔ የሁሉም ነው ማለት አይቻልም። በየሳይቱ በቅርብ የሚኖሩ አባላት በአንድ ቤት ተሰብስበው በአንድ ስልክ፣ ድምፁን ወደ ውጭ ከፍተው ቢገቡ የዳታው ወጪ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ስልክ የሌለውም ይናገራል። በዚያ ክፍል ሁለተኛ ስልክ ወደ ስብሰባው መግባት የለበትም፤ የአንደኛውን ድምፅ ሌላው ማይክ መልሶ ስለሚልከው ለሁሉም የገደል ማሚቶ ይሆናል። ድምፅ በኢንተርኔት ሲዘገይም ተናጋሪዎች ሳያውቁት ይጋጫሉና፣ ሰብሳቢው በስም እየጠራ ቢያናግር፣ ድምፅ ሲሰጥም በየቤቱ የተቀመጠውን ሰው ብዛት አስቀድሞ ቢመዘግብ ቆጠራው አያከራክርም።