ዌልፌር ሾቪኒዝም ምንድን ነው?

ዌልፌር ሾቪኒዝም መንግሥት የሚሰጠው ማኅበራዊ ድጋፍ፣ ማለትም የሥራ አጥ ክፍያ፣ የልጅ አበልና የመሳሰለው፣ ይቀጥል፣ ተጠቃሚው ግን የአገሩ ተወላጅ ብቻ ይሁን የሚል አቋም ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁት የዴንማርክንና የኖርዌይን የፕሮግረስ ፓርቲዎች፣ ማለትም ከፍተኛ ግብርንና የስደተኞችን መግባት የሚቃወሙ ቀኝ ዘመም ፓርቲዎችን፣ ያጠኑት የርገን ጎል አንደርሰንና ቶር ብዮርክሉንድ ናቸው። አቋሙ ድጋፉን ራሱን ከመቃወም የተለየ ነው፤ ክርክሩ ማን ይካተት የሚለው ላይ ነው።

የኔዘርላንዱ ሶሺዮሎጂስት ቪም ፋን ኦርስሆት ሰዎች «ይህ ሊረዳ ይገባዋል» የሚሉበትን መመዘኛ በአምስት ጥያቄ ይለያል፦ ችግሩ በራሱ ጥፋት የመጣ ነው ወይ፣ አመለካከቱ የአመስጋኝ ነው ወይ፣ ቀድሞ ያዋጣው ነገር አለ ወይ፣ ከእኛ ወገን ነው ወይ፣ ምን ያህልስ ተቸግሯል? በአውሮፓ አገሮች ባደረገው ንጽጽር አረጋውያን ከፊት፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ቀጥለው፣ ሥራ አጦች ከእነርሱ በኋላ፣ ስደተኞች ደግሞ መጨረሻ ላይ ተገኝተዋል። በእኔ ግምት ለስደተኛው ክፉው ነገር ወገንነቱም መዋጮውም በአንድ ጊዜ መጉደላቸው ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ አመዛዘን እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው ወረዳዎች አቅም ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ ሲከፈለው፣ መሥራት የማይችለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ግን ያለ ሥራ በቀጥታ ይደገፋል። ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ተፈናቃዮች ዜጎች ስለሆኑ ስያሜውን በእነርሱ ጉዳይ ላይ እንዳለ መለጠፍ ስሕተት ነው፤ ሆኖም የወገንነትና የችግር ጥያቄ በዜጎች መካከልም ሊነሳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረው ዙር የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት፣ ስደተኞች የማኅበራዊ ድጋፍ መብት መቼ ያግኙ ተብለው የተጠየቁ ሰዎች «እንደ ደረሱ» ከሚለው ጀምሮ «ፈጽሞ አያግኙ» እስከሚለው አምስት አማራጭ ቀርቦላቸው ነበር። ብዙዎች የመረጡት ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተው ግብር ከከፈሉ በኋላ የሚለውን ነው፤ «ፈጽሞ አያግኙ» ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ለእድር አዲስ ገቢ መግቢያውንና ወርኃዊ መዋጮውን ክፈል ማለት ጥላቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህንንም መልስ በጅምላ ጥላቻ ብሎ መፈረጅ ያሳስታል። አጥኚዎች ቅድመ ሁኔታ የሚጠይቀውንና በሩን ጨርሶ የሚዘጋውን ለይተው የሚቆጥሩት ስለዚህ ነው።