የኮርቻ ልክ ምንድን ነው?

ኮርቻው ያልተስማማው ፈረስ ጀርባው ይገጠባል። ብስክሌት ላይ ሲሆን ደግሞ የሚገጠበው ተቀማጩ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲነዱ ምንም ያልተሰማቸው ሰዎች ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያጋደሉ መቀመጫ ያጣሉ፤ አራተኛው ላይ ወርደው ይገፋሉ። ብዙዎቹም «ገና አልለመድኩም» ብለው ሥቃዩን ችለው ይቀጥላሉ። መልመድ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ሳምንታት አልፈውም ሕመሙ ካልተወ ግን ኮርቻው ልክ አይደለም ማለት ነው።

የኮርቻ ልክ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የኮርቻው ስፋትና ቅርፅ ከነጂው አጥንት ጋር መግጠሙ ነው። ሁለተኛው ኮርቻው በተገቢው ከፍታ፣ በተገቢው ቦታና በተገቢው ዘንበልታ መታሰሩ ነው። አንዱ ቢሟላ ሌላው ከጎደለ ረጅም መንገድ አያስኬድም።

ከአጥንቱ እንጀምር። ጠንካራ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መዳፍዎን ከመቀመጫዎ ሥር ቢያስገቡ ሁለት ጎበጥ ያሉ አጥንቶች እጅዎን ሲጫኑ ይሰማዎታል። የመቀመጫ አጥንቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ስንቀመጥ ክብደታችንን መሸከም የእነሱ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከብልት እስከ ፊንጢጣ ያለው ለስላሳ ክፍል ግን ሸክም አይችልም። ወደ ብልት የሚሄዱት ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ጠባብ ኮርቻ ላይ አጥንቶቹ ከጠርዙ ውጭ ስለሚቀሩ ክብደቱ በሙሉ እዚያው ለስላሳው ላይ ያርፋል፤ ያኔ መጀመሪያ መጠዝጠዝ፣ ቀጥሎ መደንዘዝ ይመጣል። ሴቶች ላይ እብጠትና መላላጥም ያስከትላል።

መደንዘዝን እንደ ድካም ቆጥሮ ማለፍ አይገባም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ስለሚያፍርበትና ስለማይጠይቅ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በብስክሌት የሚሠሩ ፖሊሶች ላይ ጥናት አካሂዶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክርም በሥራቸው ምክንያት ብስክሌት ላይ ለሚውሉ ሰዎች አፍንጫ፣ ማለትም ጠባቡ የፊት ጫፍ፣ የሌለው ኮርቻን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ለሁሉም ሰው አፍንጫ የሌለው ኮርቻ ያስፈልገዋል ለማለት አይደለም፤ አፍንጫው ብስክሌቱን በጭን ለመቆጣጠር ይረዳል። ነገሩ ግን የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ታዲያ ስፋቱ በምን ይታወቃል? በካርቶን። ውስጡ ሞገድ ያለውን የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ጠንካራ ወንበር ወይም ደረጃ ላይ ያነጥፉና ስስ ልብስ ለብሰው ይቀመጡበት። ጉልበትዎን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ብስክሌት ላይ እንደሚያጎነብሱት አጎንብሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ሲነሡ ሁለት ስርጉዶች ያገኛሉ። ዓይን ካልለያቸው በጣት ዳብሰው የየአንዳንዳቸውን መሐል በብዕር ይንኩና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ላይ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። የሴቶች በአማካይ ሰፋ ይላል፤ ይሁን እንጂ ከፆታም ከውፍረትም ተነሥቶ መገመት አይቻልም። ግዙፍ ሰው ጠባብ አጥንት፣ ቀጭን ሰው ሰፊ አጥንት ሊኖረው ይችላል።

እኔ ስለካ 118 ሚሊ ሜትር ወጣልኝ። በዚህ ላይ አጥንቶቹ ከጠርዙ ገባ ብለው እንዲያርፉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይጨመራል፤ ስለዚህ የሚስማማኝ 143 አካባቢ ያለው ኮርቻ ሆነ። ያን ጊዜ የምቀመጥበት ከ180 በላይ የነበረና ጄል የተደረበበት ነበር። ሰፊ ስለሆነ ይመቸኛል ብዬ የገዛሁት እሱ ራሱ በየዙሩ ጭኔን ከውስጥ በኩል ሲፈትግ ከርሟል። ኮርቻ ሲመርጡ ግን የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። ጠርዙ ክብ ሆኖ ወደ ታች የሚንሸራተት ኮርቻ ከወዲያ ወዲህ 143 ቢሆንም አጥንት ሊያርፍበት የሚችለው ሜዳ ከዚያ ያነሰ ነው።

አቀማመጥም ስፋቱን ይለውጠዋል። ቀጥ ብሎ የሚነዳ ሰው ክብደቱን ሁሉ በኋላው በኩል ስለሚያሳርፍ ሰፋ ያለ ኮርቻ ይሻል። የሚያጎነብስ ሰው ዳሌው ወደ ፊት ይዞራል፤ የሚያርፍበት አጥንትም ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄደው ክፍል ይሆናል። ለእሱ ጠበብና ረዘም ያለው ይሻለዋል። አንድ ኮርቻ ለአንዱ ተድላ ለሌላው መከራ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የጓደኛን ምስክርነት ሰምቶ መግዛት አያዋጣም።

ስለ ልስላሴ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ሁለት አውራ ጣቶችዎን ጎን ለጎን ይጫኑ። ጣቶቹ ይሰምጣሉ፣ በመካከላቸው ያለው ስፖንጅ ግን ጉብ ይላል። በጣም ለስላሳ ኮርቻ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አጥንቶቹ ይሰምጡና መሐሉ ተነሥቶ ያንኑ ሸክም የማይችለውን ክፍል ይጫናል። ለአጭር መንገድ የደላው ልስላሴ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንከር ብሎ ስስ ድራብ ያለው ኮርቻ መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል፤ ልኩ ከሆነ ግን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጥቅሙ ይታያል።

የቆዳ ኮርቻ ወዳጆች ይህን ከጥንት ያውቁታል። በ1866 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተመሠረተው ኮርቻ ሠሪ ኩባንያ ብሩክስ የመጀመሪያውን የኮርቻ ፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1882 ሲሆን፣ ቢ17 የተባለው ኮርቻው ዛሬም ረጅም ተጓዦች ሥር ይገኛል። ምንም ስፖንጅ የለውም። ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ አጥንቶቹ ባረፉበት ቦታ ስርጉድ ይሠራል፣ ኮርቻው የባለቤቱን ቅርፅ ይይዛል ማለት ነው። ዝናብ ግን ጠላቱ ነው፤ ርሶ ከተነዳበት ይለጠጣል። ሲላላ ከአፍንጫው ሥር ያለችውን ብሎን በትንሽ በትንሹ ማጥበቅ ይቻላል።

መሐሉ የተቦረቦረ ወይም የተከፈተ ኮርቻም አለ። ብዙዎችን ከመደንዘዝ ገላግሏል፤ አንዳንዱን ደግሞ የክፍተቱ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ተቀምጦ ከመሞከር ሌላ መፍትሔ የለውም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። መጀመሪያ ከፍታው ነው። ባዶ እግርዎን ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ፣ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል እስከ ብሽሽትዎ ወደ ላይ ይግፉ፣ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ይለኩ። ይህን በ0.883 ማባዛት ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የብስክሌት ውድድር በ1986፣ በ1989 እና በ1990 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀው ስሌት ነው። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል፤ ይኸም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እንብርት መሐል እስከ ኮርቻው አናት፣ ኮርቻውን በተሸከመው ዘንግ አቅጣጫ የሚለካ ነው። ማስላት የማይወድ ሰው ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ ቀጥ ካለ ከፍታው ደህና ነው። በእግሩ መዳፍ ሲረግጥ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል።

ኮርቻው ከፍ ካለ ዳሌ በየዙሩ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ መላላጡና ከጉልበት በስተኋላ የሚሰማው ሕመም ከዚያ ይመጣል። ዝቅ ካለ የሚታመመው የጉልበቱ ፊት ነው፤ እግር ክብደት ስለማይሸከምም መቀመጫ ላይ ጫናው ይበዛል። ዘንጉ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል ምልክት አለ፤ እሱን ማለፍ አደጋ ነው።

ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ፔዳሎቹን አግድም ያድርጉና ከፊተኛው ጉልበት፣ ከሎሚው ሥር፣ ቱንቢ ያውርዱ። ክሩ በፔዳሉ መሐል ብሎን ላይ ካለፈ ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ ብቻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ስበው የሚመቻቸው ብዙ ናቸው። ኮርቻውን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲስቡት ከፔዳሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳይረሳ።

ዘንበልታው በጣም ስስ ነገር ነው። ኮርቻው ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ውሃ ልክ ያስቀምጡና አረፋዋን መሐል ያምጡ። አፍንጫው ወደ ላይ ከቀና ለስላሳውን ክፍል ይወጋል። በጣም ካቀረቀረ ደግሞ ሰው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን በእጁ ይይዛል። 1 ዲግሪ ማለት 27 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ኮርቻ ላይ አፍንጫው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ነው፤ ለዓይን እምብዛም አይታይም፣ ለመቀመጫ ግን ብዙ ነው። መደንዘዙ እንዲለቀኝ ብዬ አንድ ጊዜ አፍንጫውን አብዝቼ ደፋሁት። መደንዘዙ ለቀቀኝ፤ በሁለተኛው ሰዓት ግን ትንንሽ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትከሻዬም ተያዘ። ግማሹን መልሼ ሳነሣው ሁለቱም ተዉኝ። አጎንብሶ ለሚነዳ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ማቅረቀር ይበቃዋል።

አንዳንዴ ኮርቻው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። መሪው ከራቀ ሰውየው ሳያውቀው ወደ ፊት እየተሳበ ጠባቡ አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። የትኛውንም ኮርቻ ቢለውጥ እዚያው ነው የሚቀመጠው። መሪውን ማቅረብ ወይም ከፍ ማድረግ አዲስ ኮርቻ ከመግዛት ይቀድማል።

ድራብ ያለው የብስክሌት ቁምጣ የሚለበሰው ያለ ውስጥ ልብስ ነው፤ የውስጥ ልብስ ስፌት ላብ ባራሰው ቆዳ ላይ እንደ መጋዝ ይሠራል። እንደ ወረዱም መቀየርና መታጠብ ነው። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ለጥቂት ሴኮንድ ከኮርቻው ብድግ ብሎ መርገጥ ደሙን ይመልሰዋል።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት አጥንቱ ያረፈበት ቦታ እንደ ተመታ ቢያም ያለ ነው፣ ይተዋል። ከወረዱ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ወይም መግል የያዘ ቁስል ግን ሐኪም ማየት አለበት።

ሲያስተካክሉ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ያውም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፤ ከዚያ ረዘም ያለ መንገድ ይንዱበት። ሁለቱን አንድ ላይ ከነኩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። የሚመቸው ሲገኝ ዘንጉ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚገናኝበት ላይ ቴፕ ያዙሩ። ከኮርቻው ሥር ባሉት ሐዲዶች ላይም ማሰሪያው የቆመበትን በቀለም ምልክት ያድርጉ። ብስክሌቱ ለጉዞ ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም ኮርቻው የት እንደነበር የሚነግርዎት ያ ቴፕና ያ ምልክት ነው።