መቼት ምንድን ነው? በአንድ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ሲታይ

መቼት ማለት አንድ ታሪክ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው። ቃሉም «መቼ» እና «የት» ከሚሉት የተገኘ ነው። ተማሪ ሳለን ፈተና ላይ «ቦታው ገጠር፣ ጊዜው ክረምት» ብለን ጽፈን እንወጣ ነበር። ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ግን ይህ መልስ አይበቃም። እዚያ መቼቱን በአብዛኛው የሚነግረን ሥዕሉ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ገጽ በገለጥን ቁጥር ይለወጣል።

አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ ራሱ ጽፎ ራሱ የሣለውን፣ «አውሬዎቹ ያሉበት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መጽሐፍ እንውሰድ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ምርጥ ሥዕል የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳሊያ ተሸልሟል። ማክስ የተባለ ልጅ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ያምሳል። እናቱ ስትቆጣው «እበላሻለሁ!» ይላታል፤ እራቱን ሳይበላም ወደ መኝታ ክፍሉ ይላካል። በዚያ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ጫካ ይበቅላል፣ ባሕር ይመጣል፤ ማክስ በጀልባ ተሳፍሮ አውሬዎቹ ዘንድ ይደርሳል፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቢጫ ዓይናቸውን ትክ ብሎ በማየት ያስገብራቸውና ይነግሣል።

መጀመሪያ «የት» የሚለውን እንይ። መጽሐፉ ሲጀምር ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ጠርዝ ከቦታል። ልጁ ሲቀጣ የምናየው በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። የአልጋው ቋሚዎች ወደ ዛፍ ግንድነት መለወጥ ሲጀምሩ ነጩ ጠርዝ እየጠበበ ይሄዳል፤ ግድግዳው ጠፍቶ ጫካው ሲሞላ ሥዕሉም ገጹን ይሞላል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ገጽ ይሻገራል። አውሬዎቹና ማክስ ሲጨፍሩ ሥዕሉ ሁለቱንም ገጽ ይይዛል፤ ስድስት ገጽ ሙሉ አንዲት ቃል የለም። ጽሑፉ «ልጁ ነፃነት ተሰማው» ብሎ አያውቅም። ቦታው ራሱ ሲሰፋ እያየን እኛው እንረዳዋለን። ለልጅ የሚያነብ ሰው እነዚህን ገጾች «ጽሑፍ የለውም» ብሎ ቶሎ ቶሎ መግለጥ የለበትም፤ ልጁ በራሱ ዓይን የሚያነበው እዚህ ነው።

«መቼ» የሚለው ይበልጥ ይገርማል። ጽሑፉ ማክስ ሌትና ቀን፣ ሳምንታትን እያለፈ፣ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደቀዘፈ ይናገራል። ሆኖም ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀው እራት ገና ትኩስ ነው። ታዲያ ያለፈው ዓመት ነው ወይስ ጥቂት ደቂቃ? መስኮቱን እዩ። ልጁ ሲቀጣ ጨረቃዋ ቀጭን ማጭድ ነበረች፤ ሲመለስ ሞልታለች። ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ ነው ያስተዋልኳት። እራቱ በቤቱ ሰዓት ይመሰክራል፣ ጨረቃዋ በልጁ ሰዓት፤ ሴንዳክ ሁለቱንም እውነት አድርጎ ይተዋቸዋል። የተቆጣ ልጅ ሰዓት እንደሚረዝም ለሚያውቅ ወላጅ ይህ እንግዳ አይሆንም።

እናቲቱ በየትኛውም ሥዕል አትታይም። ድምፅዋን በጽሑፉ እንሰማለን፤ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን እራት እናያለን። ማክስን ከሩቅ አገር የጠራው የጥሩ ምግብ ሽታ ነበር። ክፍሉ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሥዕሉ ግን እንደ በፊቱ አልጠበበም፣ ገጹን እንደሞላ ነው። ገጹን ስትገልጡት ደግሞ ሥዕል የለም፤ ነጭ ወረቀት ላይ እራቱ ገና ትኩስ እንደነበር የምትናገር ሐረግ ብቻ አለች።