ስትራክቸር ለመማር ውጭ ማመልከት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም ሲጠባ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂዎች ጥያቄ ይበዛብኛል። አሜሪካ ውስጥ የስትራክቸር (ሕንጻና ድልድይ ጭነትን እንዴት እንደሚሸከሙ የሚጠናበት ዘርፍ) ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ማመልከት ይፈልጋሉ። የብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ከዲሴምበር 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 መሆኑ ነው። ጊዜው አጭር ነው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ጎበዝ ልጆች ከጓደኛ የሰሙትን አምነው ሳይሞክሩ መቅረታቸው፣ ሲሞክሩም በተሳሳተ መንገድ መሄዳቸው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የመመረቂያ ነጥብህ (ጂፒኤ) ከ3.8 በታች ከሆነ አትልፋ»

አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለድህረ ምረቃ የሚጠይቁት ዝቅተኛ ነጥብ 3.0 ነው። 3.0 ያለው ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም፤ ፉክክር አለ። ግን ትራንስክሪፕታችሁን የሚያነበው ሰው ራሱ የስትራክቸር መምህር ነው። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ስንት አመጣ? ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስስ? ሒሳቡስ? አንደኛ ዓመት ላይ ተንገዳግዶ አራተኛና አምስተኛ ዓመት ላይ የተነሳ ልጅ በጠቅላላ ነጥቡ ብቻ አይመዘንም።

«ፒኤችዲ ለመግባት መጀመሪያ ማስተርስ መያዝ ግድ ነው»

ይህ ብዙ ሰው ያስቀረ ነው። ጀርመንና ስዊዘርላንድን በመሳሰሉ የአውሮፓ አገሮች እውነት ነው፤ ማስተርስ ይጠየቃል። አሜሪካ ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ ይቀበላሉ።

ልዩነቱ ገንዘቡ ላይ ነው። አሜሪካ ማስተርስ የሚማር ሰው በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። የፒኤችዲ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት በየወሩ የኑሮ ገንዘብ ያገኛል። ለምን? አንድ ፕሮፌሰር ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ወይም ከአንድ ግዛት የመንገድና ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገንዘብ አግኝቷል እንበል። ሥራው የድልድይ ኮለን (ምሰሶ) በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ እንዴት እንደሚሰበር መፈተሽ ነው። ፌሮ የሚያስር፣ አርማታ የሚሞላ፣ መለኪያ የሚለጥፍ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ተማሪው ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፑን እንደ ሽልማት አትዩት፤ ለሥራ ሰው እየተፈለገ ነው። ይህን የገባው ሰው የማመልከቻው ቃና ራሱ ይለወጣል።

በሌላ በኩል ምርምር ሳትወዱ ለገንዘቡ ብቻ ብላችሁ ፒኤችዲ አትግቡ። አምስት ዓመት ገደማ ነው፤ ረጅም ነው።

«ኢታብስና ሳፕ እችላለሁ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

ኢታብስና ሳፕ የሕንጻ ስሌት የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሲቪው ላይ ኢታብስ የሌለው አመልካች የለም። የሳፕ የመጀመሪያው ፕሮግራም በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዊልሰን እጅ ነው፤ ለዛሬዎቹ ሳፕ 2000 እና ኢታብስ መሠረቱ እዚያ ተጣለ። ማመልከቻችሁን የሚያነቡት መምህራን የሚፈልጉት ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ሰው ነው።

አንድ ምሩቅ ጋር ቁጭ ብለን ሥራውን ስናይ 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ የተቀመጠ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ነበር። ጭነቱ በሜትር 20 ኪሎኒውተን። «መሐሉ ላይ ሞመንቱ (ቢሙን የሚያጥፈው ጫና) ስንት መሆን አለበት?» አልኩት። ላፕቶፑን ሊከፍት ተነሳ። 20 ሲባዛ በ36 (6 በ6)፣ ሲካፈል ለ8፤ 90 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ቀመሩን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሮታል፤ በእጁ ማጣራቱን ግን ትቶታል። ማመልከቻችሁ ላይ «ውጤቱን በእጄ አጣርቼ ስህተት አገኘሁ» የሚል አንድ እውነተኛ ታሪክ ከአሥር የሶፍትዌር ስም ይበልጣል።

«የዓላማ መግለጫው ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ሕንጻ እወድ ነበር ብዬ ልጀምር»

እባካችሁ አትጀምሩ። ያያችሁትን ጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ዋና መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ፊት ቁሙ። ታች ሱቅ ስለሆነ መስታወት እንጂ ግድግዳ የለም። ከላይ ያለው ሁሉ በብሎኬት ተሞልቷል። ዲዛይን ሲሠራ ብሎኬቱ ብዙ ጊዜ እንደ ክብደት ብቻ ይታያል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ብሎኬቱ የላይኛውን ፎቅ ያደነድነዋል፤ የታችኛው ኮለን እንቅስቃሴውን ብቻውን ይሸከማል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የነበረ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ማሰቡ አይቀርም። ያን ቀን የጠየቃችሁትን ጥያቄ ጻፉት። ሳይት ላይ የሠራችሁባቸው ዓመታትም ባከኑ አትበሉ፤ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ነው።

«የድጋፍ ደብዳቤ ከዲኑ ወይም ከትልቅ ሰው ቢሆን ይከብዳል»

የማያውቃችሁ ዲን የሚጽፈው «ጎበዝና ትሑት ተማሪ ነበር» የሚል ነው። ያ ደብዳቤ ባዶ ነው። የመመረቂያ ሥራችሁን ያማከረው ወጣት መምህር፣ ስታጠፉ ያረማችሁ፣ ድጋሚ ስትሠሩ ያያችሁ ይጽፍላችሁ።

እኛ ጋ ደግሞ የተለመደ ነገር አለ፦ «ራስህ ጻፈውና ልፈርምልህ» ይባላል። መምህሩ ሥራ በዝቶበት እንጂ ክፋት ኖሮት አይደለም። ግን ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ሰው እጅ ሲጻፉ አንባቢው ያውቃል። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጡት፦ እሱ ምን ኮርስ እንዳስተማራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ የት እንደምታመለክቱ። ጽሑፉ የእሱ ይሁን። ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ኢሜይል ካለውም በእሱ ይላክ።

«ለማያውቁት ፕሮፌሰር ኢሜይል መላክ ድፍረት ነው»

ነውር የለበትም። ነውሩ አንዱን ጽሑፍ ስም ብቻ እየቀየሩ ለመቶ ሰው መበተን ነው። የሰውየውን አንድ ጽሑፍ አንብቡ። ስድስት ሰባት መስመር ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከጽሑፉ የቱ ነገር እንደያዛችሁ፣ ከሠራችሁት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ እለፉ።

ጂአርኢ፣ ማለትም የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውስ? ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ የየራሳቸውን ገጽ እዩ። የማመልከቻ ክፍያም ብዙ ቦታ ከጠየቃችሁ ይቀርላችኋል። ጠይቁ።

«ቶሎ እሺ ካላልኩ ቦታውን ያጡብኛል»

የመጀመሪያው ቅበላ ሲመጣ ልብ ይደነግጣል፤ ይገባኛል። ግን በአሜሪካ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ቅበላ ከኤፕሪል 15 በፊት እንድትወስኑ አያስገድዱም። በእኛ ሚያዝያ 7 ነው። እስከዚያ ድረስ ከሌላው ቦታ የሚመጣውን መልስ ጠብቁ፤ ወደፊት የምትሠሩለትን ፕሮፌሰር በቪዲዮ አነጋግሩት፤ ከተማሪዎቹም ለአንዱ ጻፉና ላብራቶሪው ውስጥ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቁት።