የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት፦ ዕቅዱ ከምን ይጀምራል?

ብሔራዊ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት የሚባለው አሠራር አስመጪው ወይም ላኪው ለጉምሩክ፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚያቀርበውን መረጃ በአንድ መግቢያ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስገባ የሚያስችል ነው። ብዙዎች መሥሪያ ቤቶቹ የሚዋሃዱ ወይም ሥልጣናቸው ወደ ጉምሩክ የሚዛወር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ፈቃድ የመስጠትም ሆነ የመከልከል ሥልጣን በየባለቤቱ እጅ እንዳለ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት በአንቀጽ 10.4 አባላት እንዲህ ያለ መስኮት ለመዘርጋት እንዲጥሩ ይጠይቃል፤ ሰነዱ አንዴ በመስኮቱ ከገባ በኋላም፣ ከአስቸኳይና ከተወሰኑ ሌሎች ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተሳታፊ መሥሪያ ቤቶች ያንኑ ዳግም እንዳይጠይቁ ያዛል።

ከሶፍትዌር ግዢ በፊት ሊሠራ የሚገባውና በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ሥራ የየመሥሪያ ቤቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው። አንድ የመድኃኒት ጭነት በአንዱ ቅጽ በካርቶን ብዛት፣ በሌላው በኪሎ ግራም፣ በሦስተኛው በንግድ ስሙ ብቻ ከተመዘገበ፣ ሥርዓቱ ጭነቱ አንድና ያው መሆኑን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ያዘጋጀው የመረጃ ሞዴል ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት አንድ ወጥ መጠሪያ ለመወሰን ጥሩ መነሻ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማን የሚቀበል ሕግ ከሌለ ደግሞ ነጋዴው በኮምፒዩተር የላከውን ማመልከቻ አትሞና አስፈርሞ እንደገና ለማቅረብ ይገደዳል።